ከቤንች ሸኮ የተሰበሰበው መልስ ወዴት ሄደ? የኮሮና ዘመን ምርምርና የእኛ ድርሻ

ህዳር 5 ቀን 2018 በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ይፋ ሲደረግ፣ ነገሩ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለሸዋ ቤንች ነዋሪ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ጂንካ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያለች ጎረቤት ናት። በሽታው በኢትዮጵያ ምድር ሲረጋገጥም የመጀመሪያው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከፍርሃቱ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ካለፈው ወረርሽኝ ምን ተምረን ነበር?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይመለከታል። በኮሮና ዘመን ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝብ ጥናቶች ተሠርተዋል፤ በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔቶችም ታትመዋል። ቀደም ሲል በቡናው ብቻ የሚታወቀው አካባቢ ስሙ በሕክምና ምርምር አርእስት ላይ ሰፍሯል። መልስ የሰጡት ግን እናቶቻችን፣ ተማሪዎቻችንና የጤና ባለሙያዎቻችን ናቸው። መልሳቸው የት ደረሰ? ለእነሱስ ምን ይዞ ተመለሰ?

ዓለም በጽሑፍ በተጥለቀለቀበት ዓመት

ወቅቱን እናስታውስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 16 የገባውን ረመዳን ሙስሊሙ ተራዊሕን በቤቱ እየሰገደ ጾመው። ግንቦት 16 የዋለውን ዒደል ፊጥርም ሜዳ ሳይወጣ ከቤተሰቡ ጋር አሳለፈው። የዚያ ዓመት ሐጅ በሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመለሰ።

ካምፓስ ቢዘጋም ምርምር ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ከዚያ በፊት ባልታየ ፍጥነት ሮጠ። ኔቸር የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባወጣው ቅኝት፣ በዚያ አንድ ዓመት ስለ ኮሮና ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ጽሑፎች መውጣታቸውንና ይህም የዓመቱን የዓለም ምርምር 4 በመቶ ያህል እንደሚይዝ አስፍሯል። ከአንድ ዓመት በፊት ስም እንኳ ያልወጣለት በሽታ ይህን ያህል ተጻፈለት። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም በዚህ ሩጫ ውስጥ ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ የደቡብ ምዕራቡ ልጆች ይገኙበታል።

በደቡብ ምዕራብ የታዩት ሦስት ዙሮች

ከአካባቢው የወጡትን ጥናቶች በቅደም ተከተል ላስቀመጣቸው ሰው አንድ መስመር ይታየዋል።

የመጀመሪያው ዙር «ሕዝቡ ስለ በሽታው ምን ያውቃል?» የሚል ነበር። ለሚዛንና ለቴፒ ሕመምተኛ ዋነኛ የሪፈር መዳረሻ የሆነው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እዚህ ላይ ቀዳሚ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በሳምንቱ፣ ከመጋቢት 11 እስከ 15 ቀን 2012 ባሉት ቀናት፣ ተመራማሪዎች ወደ ማዕከሉ የመጡ 247 ሰዎችን አነጋገሩ። 77.3 በመቶዎቹ እጃቸውን አዘውትረው እንደሚታጠቡ፣ 53.8 በመቶዎቹ ደግሞ መጨባበጥ እንደተው ተናገሩ። ውጤቱ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ፕሎስ ዋን በተባለ መጽሔት ላይ ወጣ። በሰላም ጊዜ አንድ ጥናት ከመጠይቅ እስከ ኅትመት ከዓመት በላይ ሲፈጅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ፍጥነት ያስደንቃል።

ሁለተኛው ዙር ከእውቀት ወደ ኑሮ ተሸጋገረ። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካምፓስ ተዘግቶባቸው በቤንች ሸኮ ዞን ከቤተሰቦቻቸው ጋር ያሉ ተማሪዎችን የአእምሮ ጤና ጠየቁ። 21.2 በመቶ የድብርት፣ 27.7 በመቶ የጭንቀት፣ 32.5 በመቶ የውጥረት ምልክት ታየባቸው። ከሦስት ተማሪ አንዱ ማለት ነው። ወላጆች «ልጄ ቤት ገብቶ አረፈ» ሲሉ በነበረበት ወቅት፣ ልጁ በውስጡ ሌላ ነገር ይዞ ነበር።

በዚሁ ዙር የሚመደበውና ከሁሉም የሚከብደው ሌላ ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት አገልግሎት ምን እንደሆነ ያየው ነው። ወረርሽኙ የገባባቸውን የመጀመሪያ አራት ወራት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር አነጻጸረ። የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል በአማካይ ከ943 ወደ 694 ወረደ። በጤና ተቋም መውለድ ከ808 ወደ 619 ቀነሰ። የጨቅላ ሕፃናት ክትባት ከ739 ወደ 528 ገደማ አሽቆለቆለ። ሞተው የሚወለዱና በተወለዱ በቀናት የሚሞቱ ሕፃናት መጠን ደግሞ ጨመረ።

ሦስተኛው ዙር የክትባት ነው። የካቲት 28 ቀን 2013 የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አዲስ አበባ ገባ፤ መጋቢት 4፣ በሽታው በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መከተብ ተጀመረ። በዚያው ወቅት ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ያሉ 405 የጤና ባለሙያዎችን ክትባቱን ለመውሰድ ታስባላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። እወስዳለሁ ያሉት 48.4 በመቶ ነበሩ። ሕዝቡን «ተከተቡ» የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ግማሽ ያህሉ እንኳ ልባቸው አልቆረጠም ነበር ማለት ነው።

ለምን መጠይቅ በዛ?

ሦስቱም ዙሮች በአብዛኛው ተመሳሳይ መሣሪያ ይጠቀማሉ፦ መጠይቅ ወይም የጤና ተቋም መዝገብ። ይህ የሆነው ተመራማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መጠይቅ ወረቀትና የሰለጠነ መረጃ ሰብሳቢ ካለ ይሠራል። የቫይረሱን ዝርያ መለየት፣ ደም መርምሮ ማን እንደተያዘ ማወቅ፣ መድኃኒት መሞከር ግን ላቦራቶሪ፣ ከውጭ የሚገባ ኬሚካል፣ የማይቋረጥ መብራትና የዓመታት ገንዘብ ይፈልጋል። በ1999 የተቋቋመ፣ ካምፓሶቹ በሚዛንና በቴፒ የተከፈሉ ወጣት ዩኒቨርሲቲ በወራት ውስጥ ያንን ሊፈጥር አይችልም። በዚያ ላይ የመምህሩ የደረጃ እድገት ከታተመ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በእጅ ባለው መሣሪያ፣ መጽሔቶች በሚፈልጉት ርዕስ ላይ መጻፍ ተፈጥሯዊ ነበር።

መጠይቅ ግን ልክ አለው። የአንድ ወቅትን ፎቶ ያነሳል እንጂ ከዚያ በኋላ የሆነውን አይከተልም። እጁን እንደሚታጠብ የተናገረ ሰው በእርግጥ ይታጠብ እንደሆነ አያይም። ሆስፒታል ደጃፍ የተገኘን ሰው ይጠይቃል፤ ከሆስፒታሉ የቀረውን፣ ከቡና ማሳው ሳይወጣ የታመመውን አያገኘውም። በወረርሽኝ ጊዜ ዋናው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ የቀረው ነው።

ረጅም ዝግጅት ሲኖር ምን እንደሚቻል ያሳየው ጅማ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከጀርመን ሙኒክ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የሆስፒታል ሠራተኞችንና የአካባቢውን ነዋሪ ደም በተለያየ ጊዜ መረመሩ። በጅማ ሕክምና ማዕከል ሠራተኞች ዘንድ በቫይረሱ ተይዞ የነበረው ሰው መጠን ከህዳር እስከ የካቲት 2013 ባለው ጊዜ ከ30.8 ወደ 56.1 በመቶ ደረሰ። በጅማ ዙሪያ ገጠር እንኳ በመጋቢት 31 በመቶ ገደማ ሆነ። በይፋ የሚነገረው የታማሚ ቁጥር ከእውነታው እጅግ ያነሰ እንደነበር በዚህ ታወቀ። ጅማ ይህን የቻለው ወረርሽኙ ሲመጣ ትብብሩና ባለሙያው ቀድሞ ስለነበረው ነው።

ፍጥነትና ማረጋገጥ

ፍጥነት የራሱ ዋጋ ነበረው። ዘ ላንሴት የተባለው አንጋፋ የሕክምና መጽሔት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ስለተባለው መድኃኒት ያወጣው ትልቅ ጥናት፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማረጋገጥ ስላልተቻለ ግንቦት 27 ቀን 2012 ተሰርዟል። ከታተመ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። በዓለም ትልቁ መድረክ ላይ ይህ ከደረሰ፣ በትናንሾቹ ላይ ምን ያህል ሊያልፍ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ለሙስሊም አንባቢ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት የአንድን ንግግር እውነትነት የሚመዝኑት በኢስናዱ ነው፤ ማን ከማን ሰማ፣ ሰሚው የታመነ ነው ወይ፣ ሰንሰለቱ ተቆርጧል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሱረቱል ሑጁራትም ወሬ ሲመጣ ከማመን በፊት ማጣራትን ታዛለች። ምርምርን በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል፦ ቁጥሩን ማን ሰበሰበው? ከማን? ሌላ ሰው አይቶታል ወይ?

የሳሒሕ አል-ቡኻሪ ታላቅ ማብራሪያ የሆነውን ፈትሑል ባሪን የጻፉት ኢማም ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ሴቶች ልጆቻቸውን በወረርሽኝ ያጡ ሰው ነበሩ። ስለ ወረርሽኝ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። በዚያም በ833 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ላይ የሆነውን መዝግበዋል፤ ሕዝቡ ለዱዓ በሜዳ ከመሰብሰቡ በፊት በቀን ከ40 በታች የነበረው ሟች፣ ከተሰበሰበ በኋላ ከ1000 እንዳለፈ። ዱዓን ሳይነቅፉ፣ ቁጥሩን ሳይደብቁ፣ ሕዝባቸው በሚያነበው ቋንቋ ጻፉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም ከዚያ ሸሽቶ መውጣትንም የከለከሉበትን ትምህርት በዘመናቸው ካዩት ጋር አገናኙት። መስጂዶቻችን በ2012 ሲዘጉ ብዙ ዑለማኦች የተጠቀሙበት መንገድም ይኸው ነበር።

ስለ እኛ የሚጽፈው ማነው?

ሌላው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። ቢኤምጄ ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ በዓለም ቀዳሚ በሚባሉ አሥር የሕክምና መጽሔቶች የታተሙ 2196 የኮሮና ጽሑፎችን መርምሮ፣ አፍሪካን የሚመለከቱት 94 ብቻ መሆናቸውን አገኘ፤ 4.3 በመቶ። ከእነዚያም ከአምስቱ አንዱ አንድም አፍሪካዊ ጸሐፊ አልነበረውም። በአጠቃላይ ከጸሐፊዎቹ 66.1 በመቶዎቹ ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ነበሩ።

የደቡብ ምዕራብ ሰው ይህን ታሪክ በቡናው ያውቀዋል። የጌሻ ቡና ዘር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚህ አካባቢ ደን ተወሰደ፤ በኬንያና በታንዛኒያ አልፎ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ውድድር አሸንፎ ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ሆነ። ዘሩ የበቀለበት ደን ግን እዚሁ ነው፤ ዋጋው የተቆረጠው ሌላ ቦታ።

በዚህ መለኪያ የሚዛን ቴፒ ተመራማሪዎች ያደረጉት ትንሽ ነገር አይደለም። በራሳቸው ስም፣ ስለራሳቸው ዞን፣ በወረርሽኝ መካከል ጽፈዋል። የቤንች ሸኮን ተማሪ ጭንቀት ከሚዛን ሌላ ማን ይጠይቅ ነበር? ስለዚህ «መጠይቅ ብቻ ነው» ብሎ ማጣጣል ፍትሕ አይሆንም።

የተቆረጠው የመጨረሻው ቀለበት

ችግሩ ያለው ከኅትመት በኋላ ነው። ስለ እናቶች የተሠራውን ጥናት መልሰን እንውሰድ። የተመለከታቸው ወራት ከመጋቢት እስከ ሰኔ 2012 ናቸው። የታተመው በ2013 ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በውጭ መጽሔት። እነዚያ ሕፃናት ክትባት የቀሩበት ወር አልፎ ሌላ ዓመት ገብቷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኩፍኝ በአገሪቱ በርካታ ወረዳዎች ተቀስቅሷል። ሁሉም በዚያ ምክንያት ነው ማለት ባይቻልም፣ የቀረ ክትባት የትም እንደማይጠፋ ግን የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ሌላ መንገድ እናስብ። በሐምሌ 2012 ይህ ቁጥር በአማርኛና በቤንችኛ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ለቀበሌው፣ ለእድሩ፣ ለመስጂዱና ለቤተ ክርስቲያኑ ደርሶ ቢሆንስ? መስጂድ ለሶላት ቢዘጋም ሙአዚኑ ድምፅ ማጉያ ነበረው። የጀመዓው ሰው ስልክ ነበረው። «የማዋለጃ ክፍሉ ክፍት ነው፤ ክትባቱ አልቆመም፤ ልጆቻችሁን አታስቀሩ» ማለት ምርምርም ገንዘብም አይጠይቅም። የትራንስፖርት ተሳፋሪ በግማሽ በተቀነሰበት፣ ሰውም ሆስፒታልን በፈራበት ወቅት ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሩቅ ቀበሌ ያለችን ነፍሰ ጡር ልታስወጣ ትችል ነበር።

የጤና ባለሙያዎቹ 48.4 በመቶም እንዲሁ ነው። ይህን ቁጥር ያወቀ ኢማም ስለ ክትባት ከመናገሩ በፊት የጤና ጣቢያውን ነርስ «አንቺ ራስሽ ምን ያሳስብሻል?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። ጥርጣሬውን ሳያስተባብል፣ ሳይሳደብ፣ ከመረጃ ጋር ለማነጋገር ይዘጋጅ ነበር። ቁጥሩ ግን መጽሔት ውስጥ ቀረ።

ለዚህ ተጠያቂው አንድ ወገን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ለመምህሩ ነጥብ የሚሰጠው ለታተመ ጽሑፍ እንጂ በቀበሌ አዳራሽ ቆሞ ላስረዳው አይደለም። ማኅበረሰቡም አልጠየቀም። መጠይቅ ይዞ የመጣን ወጣት ሻይ አጠጥተን፣ ለጥያቄው መልሰን እንሸኘዋለን፤ «ውጤቱን መቼ ትነግረናለህ?» አንለውም። ሁለቱም ዝም ሲሉ ሰንሰለቱ መጨረሻው ላይ ይቆረጣል።

ምን ይደረግ?

ህዳር 14 ቀን 2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ገና አዲስ ነው። አዲስ ክልል አዲስ ልማድ ለመጀመር ይመቻል።

በመጀመሪያ፣ የምርምር ተሳታፊ መብት አለው። ማን እንደሚያጠናው፣ ለምን እንደሆነ፣ ምስጢሩ እንዴት እንደሚጠበቅ ሊነገረው ይገባል፤ አልፈልግም ማለትም ይችላል። በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ውጤቱ በምን ቋንቋ፣ በማን በኩል ወደ እኛ ይመለሳል? ይህ ጥያቄ ከእያንዳንዱ ቤት ከተነሳ ተመራማሪውም ለገንዘብ ሰጪው የሚያሳየው ምክንያት ያገኛል።

ሁለተኛ፣ የዞንና የወረዳ መጅሊሶች ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲና ከጤና ቢሮ ጋር ቋሚ የግንኙነት ሰው ይኑራቸው። ከጁሙዓ በኋላ አምስት ደቂቃ ለአንድ የጥናት ውጤት መስጠት ኹጥባን አያጎድልም። ይህ ከሌሎች እምነት ተቋማት ጋር አብሮ ቢሠራ ይበልጥ ያምራል፤ በሽታ በር ሲያንኳኳ የማን ቤት እንደሆነ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ጥያቄውን ራሳችን እናንሳ። የስኳር ሕመምተኛ በረመዳን መድኃኒቱን እንዴት ያስተካክል? የመስጂዶቻችን የዉዱእ ውኃ ንጽሕናው ምን ያህል ነው? ከቡና ለቀማ ጋር የሚመጣው የሠራተኛ ፍልሰት በሽታን እንዴት ያዛምታል? እነዚህን በዩኒቨርሲቲው ያሉ የእኛ ወጣቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያደርጓቸው ይችላሉ። መጠይቅ የሚበቃቸው ናቸው፤ ግን ጥያቄው ከዚሁ የበቀለ ነው።

አራተኛ፣ ዕውቀት ገንዘብ ይፈልጋል። ካይሮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1284 የተሠራው የሱልጣን ቀላዉን ሆስፒታል ለብዙ ዘመናት በወቅፍ ገቢ ሕሙማንን ያለ ክፍያ አክሟል፤ ሐኪሞችንም አስተምሯል። ከቡና ገበያ ያተረፉ ነጋዴዎቻችን መስጂድ ማሠራትን በሚገባ ያውቁበታል። ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የመስክ ወጪ ወይም ለአንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ማዋጣትም ጥቅሙ የማይቋረጥ ሰደቃ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 አንስቷል። በኢትዮጵያ በምርመራ የተረጋገጠው ሞት ብቻ ከ7 ሺህ 500 በላይ ነው። በጂንካ የታየው ደግሞ ቀጣዩ ወረርሽኝ ከየት እንደሚመጣ እንደማናውቅ አስታውሶናል። ሲመጣ መጠይቅ የያዘው ወጣት እንደገና በራችንን ያንኳኳል። እናስገባው፤ በእውነት እንመልስለት። ከመሄዱ በፊት ግን ቀጠሮ እንያዝ፦ ያገኘኸውን ይዘህ፣ በቋንቋችን፣ ተመለስ። ምርምሩ አለቀ የምንለው ያን ጊዜ ነው። ወላሁ አዕለም።